«ቪዲዮውን ሳይ ይገባኛል፤ ብቻዬን ስቀመጥ ይጠፋኛል»

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንደምን አላችሁ? የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። በእንጨት ሥራ ደረጃ 3 ጨርሼ በአንድ ፈርኒቸር ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት አለቃዬ የሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቁረጫ ማሽን) ገዙና «አንተ ወጣት ነህ፣ ከዩቲዩብ ተማር» ብለው ማሽኑን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቪዲዮ አያለሁ። አርትካም በለው፣ ፊውዥን በለው፣ ሶሊድወርክስ በለው፣ ያላየሁት የመሳያ ሶፍትዌር የለም። እያየሁ፣ እያስቆምኩ ስሠራ ሁሉም ይሳካልኛል። ባዶ ስክሪን ከፍቼ የራሴን ነገር ልሥራ ስል ግን ከየት እንደምጀምር እንኳ ይጠፋኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ አሜሪካዊ በቪዲዮ ያሳየውን ቁጥር እንዳለ አስገብቼ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ጣውላ) ልቆርጥ ሞከርኩ። ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያዞረው ሞተር) 18,000 ዙር፣ ፊዱ (እየቆረጠ የሚሄድበት ፍጥነት) 100። ጣውላው ጨሰ፣ ጠቆረ፣ በመጨረሻም ባለ 6 ሚሊው ቢት (መቁረጫው) ተሰበረ። አለቃዬ ምንም አላሉኝም፤ ፊታቸው ግን ተቀየረ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ የዳታ ወጪውም ከብዶኛል። በዶላር የሚከፈል ኮርስ ልመዝገብ? ወይስ ይህ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረም?

መልስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ጥያቄህ ልሂድ፤ ከሁሉም በላይ እሱ ነው የከበደህ። ሙያው ለአንተ ነው። እንጨት ታውቃለህ። ጣውላ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ፣ ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን፣ በር ሲንጠለጠል የቱ ጋ እንደሚይዝ እጅህ ያውቀዋል። ሶፍትዌሩን አብጠርጥረው የሚያውቁ፣ ይህንን ግን የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። አንተ የጎደለህ ቀላሉ ግማሽ ነው። እስካሁን የተማርክበት መንገድ ነው ያዘገየህ።

ቪዲዮ ሲያዩት መማር ይመስላል። ማይክል ካርዳስና ኤድ ኦብራይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ይህንኑ ፈትሸውታል። ለሰዎች አንድ ቪዲዮ አሳዩ፤ ዕቃ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ዕቃው ሳይወድቅ ጨርቁን ላጥ አድርጎ የመሳብ ትርዒት ነው። አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ አዩት፣ ሌሎቹ 20 ጊዜ። 20 ጊዜ ያዩት «እኔም አደርገዋለሁ» የሚለው እምነታቸው ከፍ አለ። በሌሎች ሙከራዎች ደግሞ፣ ለምሳሌ ዳርት (ትንሽ ቀስት በእጅ ዒላማ ላይ መወርወር) ላይ፣ ሰዎቹ ካዩ በኋላ ራሳቸው እንዲሞክሩ ተደረገ። ደጋግመው ያዩት አንድ ጊዜ ካዩት የተሻለ አልሠሩም። የጨመረው መተማመናቸው ብቻ ነበር።

አንተ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው፤ የአእምሮ ድክመት አይደለም። ለዓመታት ጋቢና ተቀምጦ የሄደ ሰው መንገዱን ሁሉ ቢያውቅም መሪውን ሲይዝ ግራ ይገባዋል። ማርሽ መቼ እንደሚቀየር ሲወስን የኖረው ሌላ ሰው ነዋ።

ነገሩን እዚህ ላይ ላጥብቀው። የሲኤዲና የሲኤኤም (በኮምፒውተር የመሳልና ሥዕሉን ወደ ማሽን ትዕዛዝ የመቀየር) ቪዲዮ የሚያሳይህ ማውሱ የሄደበትን ነው። ማውሱ ከመሄዱ በፊት ሰውዬው የወሰነውን አያሳይህም። ሬክታንግል ሲስል ታያለህ። ግን ከመሳሉ በፊት ከየትኛው ገጽ ልጀምር፣ ዜሮው ጥግ ላይ ይሁን ወይስ መሐል፣ ነገ ደንበኛው «አስፋልኝ» ቢለኝ የቱ ልኬት ይቀየራል፣ ቢቱ የትኛው ጥግ ውስጥ አይገባም ብሎ አስቦ ጨርሷል። ብዙዎቹ ሥራውን ካሜራ ከማብራታቸው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ሠርተው የተሳሳቱትን ቆርጠው አውጥተዋል። ባዶ ስክሪን ፊት ስትቀመጥ የሚጠፋህ ይህ ውሳኔ ነው። ቁልፎቹንማ ታውቃቸዋለህ።

ስለዚህ ቪዲዮ የምታይበትን መንገድ ቀይር። አንድ ቪዲዮ ስትከፍት መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ሂድና የተጠናቀቀውን ዕቃ እየው። ከዚያ ዝጋው። ወረቀት አውጥተህ በእርሳስ ሣለው፣ ልኬት ጻፍበት፣ «እኔ ብሆን ከምን እጀምር ነበር?» ብለህ ሦስት አራት መስመር ጻፍ። ከዚያ ቪዲዮውን አስጀምር። ሰውዬው አዲስ ነገር ሊሠራ ሲል አስቁመውና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ለራስህ ተናገር። ልክ ከሆንክ እለፍ። ካልሆንክ ደግሞ ለምን እንዲያ እንዳደረገ እስኪገባህ እዚያው ቆይ። የምትማረው እዚያ ላይ ነው። አንድ የ15 ደቂቃ ቪዲዮ እንዲህ ሲታይ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። በማግሥቱ ቪዲዮውን ሳትከፍት ዕቃውን ከባዶ ሥራው። የምትጠፋበትን ቦታ ብቻ ተመልሰህ እይ።

ኮምፒውተር ላይ ስታይ «ኬ» ቁልፍ ያስቆማል፣ «ጄ» 10 ሰከንድ ወደኋላ ይመልሳል። ካስቆምክ በኋላ ኮማና ነጥብ አንድ አንድ ምስል ወደኋላና ወደፊት ያንቀሳቅሱልሃል። የቱን ሜኑ እንደተጫነ ለማየት ከዚህ የሚሻል የለም። የዳታውንም ወጪ ይቀንስልሃል፤ አንድ ቪዲዮ ለሳምንት ትሠራበታለህና።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክርሃለሁ፦ ሦስት ሶፍትዌር አንድ ላይ አትማር። አርትካምን አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. በ2018 አቁሞታል። ያንኑ መልክ ይዞ የቀጠለው ካርቬኮ የሚባለው ነው፤ እሱም ይከፈልበታል። በየቦታው በፍላሽ የሚዞረው የአርትካም ቅጂ ፈቃድ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፊውዥን ጥሩ ነው፤ ነፃው የግል ፈቃድ ግን ለንግድ ሥራ አይሆንም። ከሥራው የሚገኘው ገቢ በዓመት ከ1,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰው የታሰበ ነው፤ በአንድ ጊዜ ልታሻሽላቸው የምትችላቸው ፋይሎችም 10 ብቻ ናቸው። እናንተ በርና ካቢኔት የምትሸጡ ስለሆናችሁ ለልምምድ እንጂ ለደንበኛ ሥራ አትጠቀሙበት። ሶሊድወርክስ ውድ ነው፤ ለአንተ ሥራም ያን ያህል አያስፈልግም።

እኔ ብሆን ፍሪካድን እመርጥልሃለሁ። ነፃ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል፣ አንዴ ካወረድከው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የ1.0 እትሙ ወጥቷል፤ ቢቱ የሚሄድበትን መንገድ የሚያወጣው ክፍልም አብሮት አለ። ከፊውዥን ጋር ሲተያይ መልኩ ሻካራ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል። ለአበባና ለአንበሳ ቅርጽም አይመችም። ኪችን ካቢኔት፣ በር፣ ጎድጓዳና ቀዳዳ ላለው ሥራ ግን ይበቃሃል። ቪዲዮ ስትፈልግ ደግሞ የእትሙን ቁጥር ተመልከት። የድሮ እትም ላይ የተሠራ ቪዲዮ ከሆነ ሜኑው ቦታውን ቀይሮ ታገኘዋለህ፤ ያኔ ስህተቱ ያንተ ይመስልሃል።

አሁን ወደተሰበረው ቢት እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ የሚማሩት ነገር አለ።

ሰውዬው አሜሪካዊ ነው ብለሃል። እዚያ ብዙዎቹ የሚሠሩት በኢንች ነው። የእሱ 100 በደቂቃ 100 ኢንች መሆኑ አይቀርም። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ እሱ በደቂቃ 2,540 ሚሊሜትር እየሄደ ነበር። አንተ በሚሊሜትር በተዘጋጀ ሶፍትዌር ላይ 100 አስገባህ። በደቂቃ 100 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ ከእሱ 25 ጊዜ ዘገየህ።

«ቀስ ካልኩ ቢቱ ለምን ይሰበራል?» ትል ይሆናል። እስቲ አብረን እናስላው። ስፒንድልህ በደቂቃ 18,000 ጊዜ ይዞራል። ቢትህ ሁለት ጥርስ ካለው በደቂቃ 36,000 ጊዜ ጣውላውን ይነካል። 100ን ለ36,000 ስታካፍለው እያንዳንዱ ጥርስ የሚያነሳው 0.003 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ይህ መቁረጥ አይባልም። ቢቱ ጣውላውን እያሸ ነው። መታሸት ይሞቃል፣ ሙቀቱ ጥርሱን ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጥርስ ይብስ ያሻል። ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁረት፣ ከዚያ መሰበር። የሰውዬው 2,540 ግን ለ36,000 ሲካፈል 0.07 ሚሊ ይሆናል። ያ የሚታይ ሰጋቱራ ያወጣል፤ ሙቀቱም ከሰጋቱራው ጋር ይወጣል።

ታዲያ አሁን ደግሞ 2,540 አስገብተህ እንዳትለቀው። የእሱ ማሽን ከናንተው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ ስንት ሚሊ ወደታች እንደሚገባም ማወቅ አለብህ። ማሽንህ ያን ያህል ፍጥነት የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ፊዱን ብቻ አትቀንስ፤ ዙሩንም አብረህ ቀንስ። ለምሳሌ 12,000 ዙርና 1,800 ፊድ በሁለት ጥርስ ቢት 0.075 ሚሊ ይሰጥሃል፤ የጥርሱ ድርሻ ከሰውዬው ጋር ተቀራራቢ ነው። ወደታች ደግሞ ቢቱ አንዴ ሲያልፍ 3 ሚሊ፣ የቢቱን ውፍረት ግማሽ፣ ይዘህ ጀምር። በቁራጭ ላይ ሞክር፣ ድምፁን ስማ፣ ሰጋቱራውን በጣትህ እየው። እንደ ዱቄት የላመና የሞቀ ከሆነ ገና እያሸህ ነው።

ኤምዲኤፍ ሲጨስ ደግሞ ዝም ብለህ አትቀጥል። የጋመ ብናኝ የአቧራ መምጠጫው ከረጢት ውስጥ ገብቶ ቆይቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወዲያው አስቁም፣ ከረጢቱንም ክፈትና እይ። ማስክም አድርግ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ከቪዲዮ ልትወስድ የማይገባህ ይኸው ነው፦ ቁጥር። ቅደም ተከተሉን ውሰድ፣ ምክንያቱን ውሰድ። ፊድ፣ ዙር፣ ጥልቀት የማሽኑ፣ የቢቱና የጣውላው ጉዳይ ናቸው። ለራስህ አንድ ደብተር ያዝ፤ ቢቱ፣ የጥርሱ ብዛት፣ ጣውላው፣ ዙሩ፣ ፊዱ፣ ጥልቀቱ፣ የቁርጡ መልክ ይጻፍበት። ከጊዜ በኋላ ከየትኛውም ቪዲዮ ይልቅ የምታምነው እሱን ይሆናል።

አሁን ደግሞ ለባዶው ስክሪን የሚሆን ሥራ ልስጥህ። የቪዲዮ ዕቃ አትሥራ፤ በየቀኑ የምትነካውን ሥራ። አንድ የኪችን ካቢኔት በር ይሁን፦ 400 በ700፣ ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ ሁለት የተደበቀ ማጠፊያ ያለው። የማጠፊያው ኩባያ 35 ሚሊ ነው። አንዱን ካቢኔት ፈትተህ በካሊፐር (ሚሊ በሚለካው መሣሪያ) ራስህ ለካው። የቀዳዳው መሐል ከበሩ ጠርዝ ብዙ ጊዜ 22.5 ሚሊ ይርቃል፤ ግማሽ ኩባያ 17.5 እና 5 ሚሊ ትርፍ ማለት ነው። ከላይና ከታች 100፣ 100 ሚሊ አድርገው። ጥልቀቱ 12.5።

ስትስለው አንድ ነገር ተጠንቀቅ። መስመሩ ስለተሳለ ብቻ አልቋል አትበል። በፍሪካድ ሁሉም ልኬትና ግንኙነት ሲሟላ መስመሮቹ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ በፊውዥን ጥቁር። እስኪሆን ድረስ አትውጣ። ከዚያ ፈትነው። የበሩን ቁመት ከ700 ወደ 800 ቀይረው። የታችኛው ቀዳዳ አብሮ ወርዶ ከታችኛው ጠርዝ 100 ላይ ከተቀመጠ በደንብ ሠርተሃል። መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ልኬቱን ከተሳሳተ ቦታ ነው የያዝከው። በዚህ አንድ ፈተና ከብዙ ቪዲዮ በላይ ትማራለህ፤ ደንበኛ ሲመጣም በሩን እንደገና አትስልም፣ ቁጥር ብቻ ትቀይራለህ።

ቀጥሎ ዜሮ። ማሽኑ ከፍታን ከየት ጀምሮ ይቁጠር? ከጣውላው ላይኛው ገጽ ወይስ ከጠረጴዛው? ብዙ ቪዲዮ ይህን በአንድ ክሊክ ያልፈዋል። አንተ ግን ጣውላውን ለካው። «18» የተባለው 17.6 ሊሆን ይችላል። ዜሮህ ላይኛው ገጽ ከሆነ የማጠፊያው ጉድጓድ ልክ 12.5 ይወርዳል፤ ዙሪያውን 18 አድርገህ ስትቆርጥ ግን ቢቱ 0.4 ሚሊ ጠረጴዛው ውስጥ ይገባል። ጣውላው 18.4 ከሆነ ደግሞ ታች ስስ ቅርፊት ይቀራል፣ በሩ አይለቅም። ዜሮህ ጠረጴዛው ከሆነ ዙሪያው በንጹሕ ይቆረጣል፤ የጉድጓዱ ጥልቀት ግን ከጣውላው ጋር ይለዋወጣል፣ በ17.6ቱ ላይ 12.1 ብቻ ይወጣል። የቱ ይሻላል? በሩ ላይ የትኛው ልኬት ስህተት እንደማይቀበል አንተ ታውቃለህ። ወይም ሁልጊዜ ውፍረቱን ለክተህ በሶፍትዌሩ ውስጥ ትክክለኛውን ታስገባለህ፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን የጂ ኮድ ፋይል (የማሽኑን ትዕዛዝ) ወደ ማሽኑ ከመውሰድህ በፊት በኖትፓድ ክፈተው። አትፍራው፣ ጽሑፍ ነው። ከላይ አካባቢ ጂ21 ካለ ሚሊሜትር ነው፤ ጂ20 ካለ ኢንች ነው፣ አስቁም። ጂ0 ሳይቆርጥ በፍጥነት መሄድ፣ ጂ1 እየቆረጠ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ጂ2 እና ጂ3 ቅስት፣ ኤም3 ስፒንድል ማስነሳት፣ ኤም5 ማጥፋት። ዜሮህ የጣውላው ላይኛው ገጽ ከሆነ፣ ከዜድ (የከፍታው ፊደል) ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እየተከተልክ ትልቁን የመቀነስ ቁጥር ፈልግ። ከጣውላህ ውፍረት በላይ ወርዶ ካየህ አንድ ነገር ተሳስቷል። የመጀመሪያውን ጊዜ ደግሞ ዜሮውን ወደላይ 30 ሚሊ አንሥተህ በአየር ላይ አስኪደው፤ እጅህ የአደጋ ማቆሚያው ላይ ይሁን። ሲሙሌሽኑ «ሁሉም ደህና» ቢልህም ጣውላውን የያዝክበትን ክላምፕ አያውቀውም። ክላምፑን የምታውቀው አንተ ነህ።

እንግሊዝኛው አያስፈራህ። ለመማር የምትፈልገው ቋንቋውን ሁሉ አይደለም። ስኬች፣ ኤክስትሩድ፣ ፖኬት፣ ፕሮፋይል፣ ስቶክ፣ ቱልፓዝ፣ ፊድ፣ ስቴፕዳውን እያልክ ደብተርህ ላይ በራስህ አማርኛ ፍቺ ጻፍ፤ ብዙ አይደሉም፣ በየቪዲዮው ይደጋገማሉ። በራሱ የሚተረጎመውን የአማርኛ ጽሑፍ አትክፈት። የሙያውን ቃል እያጣመመ የባሰ ያምታታሃል። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አብራና ቃሉን ከሜኑው ጋር አመሳስል።

በዶላር የሚከፈለውን ኮርስ አሁን ተወው። ኮርሱም ቪዲዮ ነው፤ የምታይበት መንገድ ካልተቀየረ የከፈልክበትንም እንደዚሁ አይተህ ትዘጋዋለህ። በነፃ ጥሩ ነገር አለ። ታይታንስ ኦፍ ሲኤንሲ የሚባሉት አሜሪካውያን ሥዕሉን፣ ሞዴሉንና ቪዲዮውን አንድ ላይ በነፃ የሚሰጡበት ትምህርት አላቸው። ሥራቸው ብረት ላይ ነው፣ ማሽናቸውም ከባድ ነው፤ ቁጥራቸውን ሳይሆን አሠራራቸውን እየው። ገንዘብ ካለህ ካሊፐርና ሁለት ሦስት መለማመጃ ቢት ግዛበት። ከዚያ ከሆነልህ ያንተን ዓይነት ማሽን የሚያሠራ ሰው ፈልገህ ሁለት ቀን አጠገቡ ቁም። ሲሠራ ዝም ብለህ አትይ፤ «ለምን?» በለው። አዳማ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በማሽኑ ላይ አጭር ሥልጠና የሚሰጡ ከሆነም ሄደህ ጠይቅ።

አለቃህን በተመለከተ፣ ዝምታቸውን በራስህ ላይ አትተርጉም። ማሽን ገዝተዋል፣ ገንዘባቸው ቆሟል፣ ይጨንቃቸዋል። አንተ ቅደማቸው። «ጋሼ፣ ቢቱ የተሰበረበትን ምክንያት አግኝቼዋለሁ፤ ኢንችና ሚሊ ተምታቶብኝ ነው» በላቸውና ስሌቱን በወረቀት አሳያቸው። ከዚያ የምትፈልገውን ቁርጥ አድርገህ ጠይቅ፦ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ አንድ ሰዓት፣ የቁራጭ ኤምዲኤፍ ክምር፣ ለልምምድ የሚሆኑ ጥቂት ርካሽ ቢቶች። ቀን ቆርጠህም ንገራቸው። «በአንድ ወር ውስጥ የካቢኔት በር ከነማጠፊያ ቀዳዳው አወጣለሁ፤ የአበባ ቅርጽ ከዚያ በኋላ ነው» በላቸው። በዓይን የሚታይ ነገር ያለው ቃል ያረጋጋቸዋል።

በሩን ስትጨርስ ጻፍልኝ፤ ወደ ቅርጽ ሥራው ያኔ እንገባለን። ስትጽፍ የማሽኑን ሞዴል፣ የቢቱን ዓይነትና ከጂ ኮድ ፋይሉ የመጀመሪያዎቹን 10 መስመሮች ጨምርልኝ። የቁርጡን ጠርዝ ከቅርብ ፎቶ አንሥተህ ላክ፤ ከጀርባ በኩልም ይሁን።